ፓውዛውን ዝቅ አድርጉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ከተማችን መብራት በተነሳ ቁጥር «ደመቀች፣ አማረች» ይባላል። እውነት ነው። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ መብራት በመስቀል የኖርኩ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ እንጀራዬ ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ጨለማ ነው።

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከአራት ዓመት በፊት የባለቤቴ ወንድም ከውጭ ሲመጣ ቴሌስኮፕ ይዞልኝ መጣ። መስተዋቱ 130 ሚሊ ሜትር ነው። ከአራተኛ ፎቅ ተሸክሜ ስወርድ ጎረቤቶቼ «መድፉ መጣ» ይሉኛል።

ኮከብ ማየት ሲባል ሰው ሁሉ እንጦጦን ይጠራል። ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ስላሉበት አይፈረድበትም። ለእኔ ጉዳይ ግን ይሄኛው ዳር ይሻላል። እንጦጦ ላይ ሆነው ወደ ደቡብ ሲያዩ ከተማው እግርዎ ሥር ተዘርግቷል። ከእኛ ሰፈር ከተማው ከጀርባ ይቀርና ዝቋላ ፊት ለፊት ይመጣል። የኔ ጉዳይ ደግሞ ከዝቋላ በላይ ያለው የደቡብ መስቀል ነው።

ከ88ቱ ኅብረ ከዋክብት በስፋት ትንሹ እሱ ነው። እጅዎን ዘርግተው በጭብጥዎ ይሸፍኑታል። አውሮፓ ላይ አይወጣም። እኛ ጋ ግን የጥምቀት ዕለት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በዝቋላ በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባለቤቴ ታቦቱ ወዳደረበት ስትሄድ እኔ መድፌን ይዤ እወርዳለሁ። (በዚህ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ክርክር አለ፤ ይለፈን።)

ከመስቀሉ ግራ ክንድ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የጨረቃን ስፋት ሁለት ጊዜ ያህል ርቆ፣ የደበዘዘ ኮከብ የሚመስል ነገር አለ። ቴሌስኮፑን ሲያዞሩበት ይበተናል። ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ነጫጭ ኮከቦች፣ መሀላቸው አንዲት ቀይ። ልጄ መጀመሪያ ያየች ቀን «አባዬ፣ ክሩ የተበጠሰ ጨሌ!» አለች። ፈረንሳዊው የከዋክብት ተመራማሪ ላካይ በፈረንጆቹ 1750ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ ሆኖ ሲያየው ጭጋግ ነበር የመሰለው፤ የቴሌስኮፑ ስፋት ግማሽ ኢንች ነበራ! በ1830ዎቹ እዚያው የሄደው እንግሊዛዊ የከዋክብት ተመራማሪ ጆን ሄርሸል በትልቅ ቴሌስኮፕ አይቶት ኅብረ ቀለም ዕንቁ የሞላበት ሣጥን አስመሰለው። ፈረንጆቹ እስከ ዛሬ የጌጥ ሣጥን ይሉታል። እኔ ሙዳይ ነው የምለው። 6,400 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው።

ልቤን የሚወስደው ግን ከሙዳዩ አጠገብ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ሰማዩን የሚያቋርጠው የከዋክብት መቀነት፣ ነጭ ሆኖ ሲያልፍ እዚያ ጋ የተበሳ ይመስላል። አልተበሳም። 600 የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ያለ የአቧራና የጋዝ ደመና ነው፤ የኋላውን ብርሃን ይጋርዳል። የከሰል ጆንያ ይሉታል። እሱን ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ጨለማ ነው የሚያስፈልገው።

ዘንድሮ ጆንያው ጠፋ።

ከብሎካችን ፊት ለፊት መጋዘን ተሠርቶ አራት ፓውዛ ተሰቀለለት፤ አራቱም ወደ ሰማይ አንጋጠዋል። መስቀሉ ከአድማስ 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ብርሃኑ ወደ እኛ የሚመጣው ከአናት በላይ ካለው ሦስት እጥፍ ገደማ አየር አቋርጦ ነው። በዚያ ላይ የግንባታ አቧራና ጭስ አለ፤ ፓውዛው እሱን ያበራዋል። ከሙዳዩም ቀይዋና አራት አምስቱ ደማቆች ብቻ ቀሩ።

ጥበቃውን ባነጋግረው «ለሌባ ነው ጋሼ» አለኝ። ሄጄ ከፓውዛው ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። «አየኸኝ?» አልኩት። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ «የት ነዎት?» አለ። ብርሃኑ ዓይኑ ላይ ነዋ! ብሎኑን አላልቶ ፊቱን ወደ መሬት መመለስ ነው፤ መሰላልና 13 ቁልፍ ይበቃል። በነጻ ልሥራልህ ብለው «ጋሼ፣ እንጀራዬን ሊያዘጉብኝ ነው?» አለኝ። አልፈረድኩበትም።

የሙያ ጓደኞቼ ግን ይሄ ይመለከታችኋል። ደንበኛው ድመቅልኝ ሲል ፓውዛውን ቀና ማድረግ ይቀናናል። እኔም ስንቱን አንጋጥጬ ሰቅያለሁ። ወደ ሰማይ ለሚሄደው ብርሃን ቆጣሪው እኩል ይቆጥራል፤ ግቢው ግን ምንም አያገኝም።

ግንቦት ላይ መስቀሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ግድም ይቆማል፤ ደመናው ከፈቀደ ልጄም ሳትተኛ ታየዋለች። የመጋዘኑ ባለቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል ብለውኛል። መሰላል ከጎረቤት ለምኛለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ