ከምንዛሪው ጋር አብሮ የሚያድገው ቀረጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ የዶላር ዋጋ ላይ ነው። ጉምሩክ ላይ የሚሆነውን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። የቀረጡ መቶኛ ባይነካም መሠረቱ በብር ስለሚሰላ ሂሳቡ ከተመኑ ጋር አብሮ ይወጣል።

በሲአይኤፍ (ከመድንና ከማጓጓዣ ወጪው ጋር) 1,000 ዶላር የሚያወጣ፣ 20 በመቶ ቀረጥ ያለበት፣ ኤክሳይስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) የሌለበት፣ ከሱር ታክስም (በገቢ ዕቃ ላይ ከሌሎቹ ታክሶች በላይ ከሚጣለው ታክስ) ነፃ ያልሆነ ዕቃ እንውሰድ። በ57 ብር ምንዛሪ መነሻው 57,000 ብር ነው። ቀረጡ 11,400 ይሆናል። በሁለቱ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ 10,260፤ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 7,866። በጠቅላላው 29,526 ብር። ዶላሩ 120 ብር ሲገባ ይኸው ዕቃ 62,160 ብር ይከፈልበታል። ሌሎች ክፍያዎችን አልጨመርኩም።

ተጨማሪ እሴት ታክሱ ለተመዘገበ ነጋዴ ኋላ ይቀናነሳል፤ ዕቃው እስኪሸጥ ግን ገንዘቡ ታስሮ ይቆያል። በብድር የሸፈነው ወለዱን ዋጋው ላይ ይጭነዋል። ሱር ታክሱ ጭራሽ አይቀናነስም፣ ሸማቹ ላይ ያርፋል። ይባስ ብሎ በታክስ ላይ የተጣለ ታክስ ነው!

«ስግብግብ ነጋዴ» እያሉ መጋዘን ማሸግ ይህን ሂሳብ አይለውጠውም። መንግሥት ገቢ እንደሚያስፈልገው እሙን ነው፤ ቢያንስ ግን ሱር ታክሱ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከመደመሩ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ይሰላ። ከላይ ባለው ዕቃ፣ በ120 ብር ምንዛሪ፣ 2,160 ብር ይቀንሳል።