መጽሐፍሽን መልሼልሻለሁ

ደሴ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እኅቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ እንደምን ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እናቴም ከጉልበቷ ሕመም በስተቀር ደኅና ናት፤ ስምሽን ሳታነሣ የምትውልበት ቀን የለም። አራት ዓመት ሊሞላው ስለተቃረበው ዝምታዬ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ምክንያቱን ከዚሁ ደብዳቤ ታገኚዋለሽ።

በኢድ ሰሞን በእኅትሽ በኩል የላክሽብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። እዚያ አገር ብርዱ ሲገባና ፀሐይ ገና በቀትር ማግሥት ስትጠልቅ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ የሚነበብ፣ ልብ የሚያሞቅ የአማርኛ መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። የእናንተ በረዶ የሚበረታው ከታኅሣሥ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኛ ክረምት ግን አሁን ነው። የጦሳ ተራራ በጉም ከተሸፈነ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዝናቡም ከቆርቆሮው ላይ አልወርድ ብሏል። ይህንን የምጽፍልሽ ከማድ ቤታችን ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት እንደምታውቂው ቶሎ ነድዶ ቶሎ ስለሚያልቅ ሦስት ገጽ ሳይነበብ ተነሥቶ መጨመርን ይጠይቃል፤ ወይራ የተገኘ ዕለት ግን ፍሙ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል፤ ጢሱም ቤቱን ሁሉ ያውደዋል።

እኔ ከብዙ ክረምት በኋላ የደረስኩበት መለኪያ አንድ ነው፤ የእሳት ዳር መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ጆሮ የሚቀበለው መጽሐፍ ነው። በእኛ አገር እሳት ዳር ብቻውን የሚቀመጥ ሰው የለም፤ አንዷ ቆሎ ትቆላለች፣ ሌላዋ ጥጥ ትፈትላለች፣ ሕፃኑ እንቅልፍ ይዞት ይወዛወዛል፣ አንባቢውም ለሁሉም ያነባል። ይህንን መጀመሪያ ያየሁት እናንተ ቤት ነው። አያትሽ ያንን በዐረብ ፊደል በአማርኛ የተጻፈ የመንዙማ ደብተራቸውን ከጨርቅ ፈትተው፣ ወደ እሳቱ ብርሃን አዘንብለው፣ በዜማ ሲያነቡ፣ ከፊደሉ አንዱን እንኳ የማላውቀው እኔ ቃሉን ሁሉ እሰማ ነበር። ያ ደብተር የተጻፈው ለጆሮ ነበር።

ስለዚህ ከላክሁልሽ መጻሕፍት የመጀመሪያው የመስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ስዕሎች» ነው። ወግ አጭር ስለሆነ አንዱ ተጀምሮ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ያልቃል። ለልጆችሽ ደግሞ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ጨምሬያለሁ፤ ግጥሞቹ ቤት ስለሚመቱ አማርኛው ገና ያልጠናለት ልጅ እንኳ ትርጉሙን ሳይጨርስ ዜማውን ይይዘዋል። ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ አንድ ተረት ሲያነብልን «ጅቡ ይበላል» የሚለውን አላልቶ ማንበብ ሲገባው አጥብቆ አነበበውና በላተኛው ጅብ ተበዪ ሆኖ አረፈው። እናቴ እንዝርቷን አቁማ፣ «ልጄ፣ ጅብን ማን ይበላዋል?» አለችው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ አንባቢ ዐይኑን ከአፉ ማስቀደም አለበት፤ ልጆችሽ አማርኛን ጠንቅቀው እንዲያውቁ ከፈለግሽ ጮክ ብለው እንዲያነቡልሽ አድርጊ።

ለረጅሙ ሌሊት «ነገም ሌላ ቀን ነው» ይሁንሽ። ነቢይ መኮንን ይህንን የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ ከሲጋራ ፓኮ በሚገኝ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው። በዚያች ጠባብ ወረቀት ላይ የተጻፈው አማርኛ እንዲህ ሰፊ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «ኦሮማይ»ን ግን አልላክሁልሽም። በዓሉ ግርማን ምን ያህል እንደምወድ ታውቂያለሽ፤ ነገር ግን መጽሐፉ የጦርነት መጽሐፍ ነው፣ እኔም እርሱን በእሳት ዳር ለማንበብ ገና አልቻልኩም።

አሁን ወደ ዝምታዬ ልምጣ። አባትሽ በእጃቸው በጥቁር ክር የሰፉትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስትሄጂ «ስመለስ ትሰጪኛለሽ» ብለሽ ትተሽልኝ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ እናቴን ይዤ ስወጣ ከልብስና ከብርድ ልብስ በቀር የያዝነው አልነበረም። ስንመለስ መጽሐፉን ከምድጃው አጠገብ አገኘሁት። ክሩ አልተፈታም፤ የመጀመሪያዎቹ 24 ገጾች ግን ተቀድደው እሳት ማያያዣ ሆነው ነበር። ማን እንዳደረገው አላውቅም፤ ብርድ የጸናበት ሰው ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ። ነገር ግን አደራሽን አጥፍቼ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመት ዓመትን ወለደ።

የዘንድሮው ሐምሌ እንደገባ ግን መጽሐፉን አውጥቼ፣ አሁን ካለበት ገጽ ልጀምር ብዬ ለእናቴ ማንበብ ስጀምር፣ «ቆይ እንጂ፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ሳይጋቡ በዛብህ ከየት ይመጣል?» አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው ከጎረቤት ቤት ሰምታው ኖሯል። ታሪኩ የሚጀምርበትን ማንኩሳን በዐይኗ አይታ አታውቅም፤ ሆኖም የጎደለውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ወጋየሁ ድምፁን ዝቅ በሚያደርግበት እርሷም ዝቅ እያደረገች፣ ሦስት ምሽት ሙሉ ነገረችኝ። ከሐዲስ ዓለማየሁ ቃል የራቀችበት ቦታ እንዳለ አይጠፋኝም፤ ቢሆንም ምንም ሳላርም እንደተናገረችው በደብተር ጻፍኩት።

አዲሱን ኅትመት ገዝቼ ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የአባትሽ ስፌት ስላለበት ያንቺኑ መልሼልሻለሁ። መጽሐፎቹን አዲስ አበባ ድረስ የሚያደርስ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከዚያ እኅትሽ ትቀበልልሻለች፣ ከበረዶው በፊትም ይደርሱሻል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብተሩን ከሽፋኑ ሥር አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ እርሱን አንብቢና ከገጽ 25 ቀጥዪ። እናቴ «ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብ በያት» ብላለች።

ሁልጊዜም የምትናፍቅሽ
እኅትሽ