ሹፌሩ ኢንሹራንስ አለው፣ ነርሷስ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ደሴ የምሰራ ነርስ ነኝ፣ 11 አመት ሆኖኛል፣ ለጋዜጣ ጽፌ ግን አላውቅም። ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ነርስ በግሏ የሙያ ኢንሹራንስ (ስራ ላይ ተሳስተሻል ተብላ ስትከሰስ ካሳውን የሚከፍልላት) ትግባ ማለት «እንደፈለግሽ ተሳሳቺ» ማለት ነው ብለው የጻፉትን በሻይ ሰአት እየተቀባበልን አነበብነው፣ ገሚሱ ሳቀ ገሚሱ ተናደደ፣ እኔ ከተናደዱት ነኝ።

እስቲ የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዘ ከኮምቦልቻ የሚወጣውን የሚኒባስ ሹፌር እንይ። ያለ ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መንቀሳቀስ አይችልም፣ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ የባጃጅ ልጆች እንኳ ይገባሉ። ታዲያ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ሆነ ብሎ ሰው የገጨ አለ? የገረመኝ ደግሞ ጠበቃ የሆነ ዘመዴ የ1996ቱን የወንጀል ህግ አንቀጽ 543 ሲያሳየኝ ነው፣ በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲያወራ የሰው ህይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ላለበት ሰው ምሳሌ አድርጎ ሐኪምና ሹፌርን ነው አጠገብ ለአጠገብ የሚጠራው፣ ከ1 እስከ 5 አመት እስራት ከነመቀጮው። ህጉ ለቅጣት ሲሆን እኛንና ሹፌሩን አንድ ወንበር ላይ ያስቀምጠናል፣ ለኢንሹራንስ ሲሆን ግን ሹፌሩ ብቻውን ይሄዳል።

የዛሬ ሶስት አመት ገደማ አብራን የምትሰራ ልጅ (ሆስፒታሉን አልጠራም) ማታ ዲዩቲ ላይ ብቻዋን ነበረች፣ ዋርዱ ላይ 34 በሽተኛ፣ ሐኪሙ ይሄን መድሃኒት ስጪ ብሎ በስልክ ኦርደር ሰጣትና ቻርቱ (የበሽተኛው መዝገብ) ላይ ጠዋት እጽፈዋለሁ አላት፣ መድሃኒቱን ሰጠች፣ ሰውየው ሊነጋጋ ሲል አረፈ። ቤተሰቡ ላይ አልፈርድም፣ አባት ነው የሞተባቸው። ፖሊስ ሲመጣ ቻርቱ ላይ ያለው ፊርማ የሷ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደረች። አለቆቻችን «እሱ በግል የሚጠየቁበት ነው» ብለው ዘወር አሉ፣ እኛ ነን ስም ዝርዝር ይዘን ዋርድ ለዋርድ ዞረን ብር አዋጥተን ጠበቃ የያዝንላት። ወሎ ውስጥ ለሞት ቅሬ አለን፣ እድር እንደሚሉት፣ ድንኳኑም ወንበሩም ይመጣል፣ ለክስ ግን ቅሬ የለም። ከሰባት ወር በኋላ ጉዳዩን ያየው ኮሚቴ ጥፋት የለባትም አለ። ልጅቷ ግን አልተመለሰችም፣ አሁን የእናቷ ሱቅ ውስጥ ናት።

ግዴለሽነት ላሉት አንባቢ ደግሞ ይቺን ልንገርዎት፣ ሳልወድ ነው የምናገረው። በሩማቲክ በሽታ ልባቸው የተጎዳ ልጆች በሽታው እንዳያገረሽ በየ28 ቀኑ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ ይወጋሉ፣ ለአመታት። መርፌው ከስንት አንዴ ከባድ አለርጂ ያመጣል፣ የልቡ ቫልቭ (የደም በሩ) በጣም የተጎዳ ልጅ ተወግቶ ሲወድቅ ደግሞ ሁሌ አለርጂ አይደለም፣ የደከመው ልቡ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ግን ማን ይሰማል፣ «የወጋችው ገደለችው» ነው። ስለዚህ ብዙ ነርስ ይሄን መርፌ ይሸሻል። እኔም ሸሽቻለሁ። አንዲት እናት ከወረኢሉ ልጇን ይዛ ስትመጣ አድሬናሊን (አለርጂው ቢነሳ የሚሰጠው መድሃኒት) የለንም ብዬ መለስኳት፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር። «አብሽሪ ልጄ፣ ሌላ ቦታ እንሞክራለን» ብላኝ ወጣች፣ አብሽሪ ያለችው እኔን ነው። እና ኢንሹራንስ ቢኖረኝ ግዴለሽ እሆን ነበር ወይስ ልጁን እወጋው ነበር?

ግን ኢንሹራንስ ሲባል ሁሉን የሚሸፍን የሚመስላቸው ጓደኞቼም ተሳስተዋል። ኢንሹራንስ ካሳ ይከፍላል እንጂ አይታሰርልሽም። እኛ አገር ደግሞ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በፖሊስ ነው፣ ስለዚህ ስትገቢ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለወንጀል ክሱ የጠበቃ ትከፍላላችሁ ወይ» መሆን አለበት፣ ካልከፈሉ ግማሹ ጥቅም የለም። ሌላው፣ አንዳንዱ ውል ክሱ የመጣው ጊዜው ካለቀ በኋላ ከሆነ አይሸፍንም፣ ከውል ውጭ ላለ ካሳ ደግሞ ህጉ ለመክሰስ ሁለት አመት ይሰጣል፣ ስራ ለቅቄያለሁ ብሎ ወዲያው ማቋረጥ አያዋጣም ማለት ነው።

መንግስት ይከፍልልናል የሚሉም አሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 2126 እውነት ነው ጥፋቱ የስራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሳውን ከመንግስት መጠየቅ ይችላል ይላል፣ ግን መንግስት የከፈለውን ዞሮ ከሰራተኛው ሊጠይቅ እንደሚችልም እዚያው ላይ አለ፣ የግል ጥፋት ነው ከተባለ ደግሞ ጭራሽ የለበትም። እንግሊዝ አገር ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ነርስ ያለ ሽፋን መመዝገብ አትችልም፣ የአሰሪዋ ሽፋን ግን ይበቃታል። እኔ ይሄኛው ይሻለኛል፣ ከደመወዛችን ላይ ሌላ ቅናሽ ማን ይችላል። እሱ እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥም የለም፣ የነርሶች ማህበር በጅምላ ቢደራደርልን ዋጋው ይቀንስ ነበር። ጎረቤታችን ተሁለደሬ በ2003 የማህበረሰብ ጤና መድን ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ናት፣ ገበሬው ሳይታመም መዋጮ መክፈል ከለመደ እኛ የጤና ሰዎች እንዴት ያቅተናል?

ብቻዬን ሞክሬዋለሁ በነገራችን ላይ። ባለፈው ወር ፒያሳ ካሉት ኢንሹራንስ ቢሮዎች አንዱ ገባሁ፣ ልጁ ትሁት ነው፣ የሙያ ኃላፊነት መድን ለነርስ አላችሁ ስለው ትንሽ አየኝና «የመኪናሽ ታርጋ ስንት ነው እህት?» አለኝ። መኪና የለኝም አልኩት። ዋናው መስሪያ ቤት ጠይቆ ሊደውልልኝ ስልኬን ወሰደ፣ እስካሁን አልደወለም።

አንዲት ነርስ፣ ከደሴ