ለፍርድ ቤት ከማቅረባችን በፊት ለአንቺ

ይድረስ ለተወደድሽው እህት ዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እናትሽስ? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ሳላሰማሽ በመቆየቴ ይቅር በይኝ፤ ዝርዝሩን ስንገናኝ እነግርሻለሁ፣ አሁን የሚያስቸኩል ጉዳይ ስላለኝ ወደዚያው ልለፍ። አንቺም ብትሆኚ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ በመካከሉ ያለውን የሐረጎን ዳገትም ሰው ለሥራና ለገበያ በየቀኑ እንደሚወጣውና እንደሚወርደው ታውቂያለሽና ወቀሳውን እኩል እንካፈለው።

እኔና የልጆቼ አባት ልንለያይ ነው። አትደንግጪ፣ አብሽሪ። ከኩዌት ከተመለስሁ ወዲህ በመካከላችን የሆነውን በዓይንሽ ያየሽው ስለሆነ አልደግመውም። ሁለታችንም በአንድ ቃል፣ ያለ ክስና ያለ ምስክር፣ በስምምነት ለመፋታት ወስነናል። ይህን ለሰው ስናገር «ካልተጣላችሁ ታዲያ ለምን ትፋታላችሁ?» ይሉኛል፤ አንዱ የደበቀው ነገር ያለ እየመሰላቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት የፍቺውን ምክንያት እንዲዘረዝሩ ሕጉ እንደማያስገድዳቸው አቤቱታችንን የሚጽፍልን ራፖር ጸሐፊ ሲነግረኝ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። የእሱን ጥፋት በአደባባይ ማንበብ አልፈልግም ነበር፤ እሱም የእኔን እንዲያነብ አልፈለግሁም። የልጆቼ አባት ነውና ነገ ልጆቼ ያንን መዝገብ ቢያገኙት የሚያሳፍራቸው ቃል እንዳይኖርበት እመኛለሁ።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሊያስታርቁን ብዙ ደክመዋል፤ አላህ ይስጣቸው። እንደማይሆን ሲያዩ ከመካከላቸው አንዱ፣ አንቺም የምታከብሪያቸው አባት፣ «እንግዲያው ፍርድ ቤት ምን ያደርግላችኋል? እኛው አለያይተን፣ ንብረቱንም አካፍለን በዱዓ እንሸኛችኋለን» አሉን። ቃላቸውን መመለስ እንዴት እንደከበደኝ አንቺ ትረጂኛለሽ። ነገር ግን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ የሚወስኑት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ነበር፤ የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ከወጡ ወዲህ ሽማግሌ ይመክራል፣ ያስታርቃል እንጂ ጋብቻን የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ነው። በሽማግሌ ፊት ተለያይተናል ብለው ለዓመታት ከኖሩ በኋላ አንደኛው ሌላ ትዳር ሲመሠርት ወይም ሲሞት፣ የፊተኛው ጋብቻ አልፈረሰም ተብሎ ልጆች የሚጉላሉበትን ጉዳይ በሰፈራችን አይተናል። ሁለታችንም ከፈቀድን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊዳኘን እንደሚችልም አውቃለሁ፤ እሱ ግን መደበኛውን ፍርድ ቤት መረጠ፣ እኔም አልተቃወምሁም።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልተነፈስሁትን ላንቺ ልንገርሽ። «እንፋታ» በሚለው ላይ የተስማማነው ቡና ቀርቦ ሦስተኛው ሳይደርስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጨረስ ግን ወራት ፈጀብን። ስምምነት ማለት የፍቺው ስምምነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዋናው ግን የፍቺው ውጤት ነው። ልጆቹ ከማን ጋር ይኖራሉ፣ ማን ምን ያህል ይቆርጥላቸዋል፣ ቤቱ፣ መኪናው፣ ዕዳው ለማን ይሆናል፤ ይህ ሁሉ አብሮ ተጽፎ ለዳኛው ካልቀረበ በሰላም ተለያየን ማለት ጠቡን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው።

አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከትልቋ ደብተር መካከል አንድ ሉክ ቀደድንና መሐሉን አሰመርንበት። እሱ እስክሪብቶውን ያዘ፣ እኔ እጠራለታለሁ። ከትዳሩ በፊት የመጣውንና ከወላጅ የተወረሰውን የየግላችን ብለን በየጎናችን ጻፍን። የእናቴን የስፌት መኪና እኔ ሳልጠራው እሱ ራሱ በእኔ ወገን ጻፈው። ረከቦቱና ጀበናው ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ከዚያ «ያንቺ ነው» ብሎ አለፈው። ኢሱዙው ላይ ስንደርስ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሊብሬው በስሙ ነው፤ የተገዛው ደግሞ እኔ ከኩዌት በላክሁት ገንዘብ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። እሱ «በስሜ ነው» ይላል፣ እኔ «በላቤ ነው» እላለሁ። ያ ሌሊት በዚሁ አለቀ።

ሕጉን ያስረዳን ራፖር ጸሐፊው ነው። በትዳር ውስጥ እያንዳንዱ በግል ጥረቱ ያገኘው ገቢ የጋራ ነው፤ ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ በስሙ መሆኑ የእሱ ብቻ አያደርገውም፤ እኔም ገንዘቡን ስለላክሁ ብቻዬን አልወስደውም፣ ምክንያቱም ያኔ እሱ ልጆቹን እያሳደገ፣ መኪናውንም እያሽከረከረ ቤቱን ያቆመ ነበር። ይህን መቀበል በጣም ከበደኝ። በሰው አገር የሰው ቤት እየጠረግሁ ያገኘሁትን ግማሽ ስጪ መባል ያማል። ቢሆንም ፍትሕ ነው ብዬ አምኛለሁ፤ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህንኑ እጠይቅ ነበርና። የጋራ ንብረት በመርህ እኩል ይካፈላል፤ እኛ መኪናው ተሸጦ መጀመሪያ የብድርና ቁጠባው ዕዳ እንዲከፈል፣ የተረፈው እኩል እንዲሆን ጻፍን። ዕዳው ይቅደም ያልሁት እኔ ነኝ። እኛ «አንተ ክፈል፣ አንቺ ክፈይ» ብንባባል አበዳሪውን አያስገድደውም፤ የፈረምነው ሁለታችንም ነንና ዛሬ እሱ ይከፍላል የተባለው ዕዳ ነገ እኔን ፈልጎ ቤቴ ይመጣል።

ስለ ልጆቹ የጻፍነው የመጀመሪያው ረቂቅ «አባት እንደ አቅሙ ይረዳል» ይል ነበር። ራፖር ጸሐፊው አንብቦ አንገቱን ነቀነቀና «እንደ አቅሙ የሚለውን ማን ያስፈጽመዋል? ስንት ብር፣ በወሩ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው ሒሳብ ብላችሁ ጻፉ» አለን። እውነቱን ነው። ሰው ሲለያይ ቸር ይሆናል፤ በዓመቱ ጤፍ ሲወደድና ሌላ ጎጆ ሲወጣ ግን ቸርነቱ ይሳሳል፣ በቁጥር የተጻፈው ብቻ ይቀራል። አሁን መጠኑ፣ ቀኑና የባንክ ሒሳቡ ተጽፏል፤ የትምህርት ቤትና የሕክምና ወጪ እኩል ነው። ዳኛው ስምምነታችን የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ አይጠብቅም ብሎ ካመነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ውጤቱን በራሱ ሊያስተካክለው ስለሚችል፣ ይህን ክፍል ደጋግመን ጽፈነዋል።

እንግዲህ ወደ አንቺ መጣሁ፤ እስካሁን የዞርሁትም ይህን ለመጠየቅ ስላፈርሁ ነው። ልጆቹ ከእኔ ጋር ኮምቦልቻ ይኖራሉ። እሱ ሥራ አግኝቶ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ቤት ተከራይቷል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ልጆቹ ከእሱ ጋር እንዲሆኑ ተስማምተናል። ጥያቄው የት እንደምንረካከብ ነው። እሱ ቤት ድረስ መሄድ አልችልም፤ እሱም እዚህ ደጄ ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ አልፈልግም። መናኸሪያ መሐል፣ በሰው ግርግር ውስጥ፣ ትንሹን እጁን ይዤ ለአባቱ ማስረከብ ደግሞ ልቤ አይችለውም። ሁለታችንም ሳንነጋገር የጠራነው ስም የአንቺ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ቤት አደርሳቸዋለሁ፣ ከረፈደ በኋላ መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ እሑድ ማታም እንዲሁ። ትልቋ አንቺን ታውቅሻለች፤ ትንሹም በእናትሽ እጅ ያደገ ያህል ነው። ይህ በስምምነቱ ውስጥ በጽሑፍ እንዲገባ እንፈልጋለን፤ ካንቺ ፈቃድ ውጪ ግን ስምሽን ወረቀት ላይ አላሰፍርም።

ከባድ ነገር እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ። በሠርጋችን ቀን ሚዜዬ ሆነሽ ሜካፔን ስታስተካክዪ «ይህችን ልጅ አደራ» ብለሽ ያስፈራራሽው ሰው እኮ ነው በርሽን የሚያንኳኳው። እሱን በክፉ ዓይን እንዳታዪብኝ ብዬ ብለምንሽ ትቆጪኝ ይሆናል፤ ቢሆንም እለምንሻለሁ። ልጆቹ በርሽ ላይ ሲደርሱ ፊትሽ ላይ ወገንተኝነት ካዩ የጻፍነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ዳኛው ከማጽደቁ በፊት ለየብቻም ሆነ በአንድነት እንደሚያነጋግረን፣ እንድናስብበትም እስከ ሦስት ወር ሊሰጠን እንደሚችል ተነግሮናል። ለብቻዬ ሲጠይቀኝ ድምፄ ይሰበራል ብዬ እፈራለሁ። ውሳኔዬ አልተለወጠም፤ ብቻ ሀዘንና ጥርጣሬ ፊት ላይ አንድ ስለሚመስሉ ዳኛው እንዳይሳሳት ነው የምፈራው። ያን ቀን አብረሽኝ ብትሆኚ እወዳለሁ፤ ችሎት ባትገቢ እንኳ ውጭ ብትጠብቂኝ ይበቃኛል።

የሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ላይ አቤቱታውን ከስምምነቱ ጋር አያይዘን ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት እንሰጣለን፤ ስለዚህ እስከ ሐሙስ መልስሽን ላኪልኝ። ባልሽንም አማክሪው፤ ቤቱ የሁለታችሁ ነውና በእሱ ላይ እንግዳ አላመጣበትም። የማይመችሽ ከሆነ ሳትሸፋፍኚ «አይሆንም» በይኝ፤ አልቀየምሽም፣ የወንድሜን ቤት እንጽፋለን። የሚሆን ከሆነ ደግሞ ሙሉ ስምሽንና የቤትሽን አድራሻ በትክክል ጽፈሽ ላኪ፤ ረቂቁን ደግመን እናስጽፈዋለን።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ይህን ጉዳይ ግን እኔ ራሴ መጥቼ እስክነግራቸው ድረስ አትንገሪያቸው።

ያንቺዋ እህት
ኮምቦልቻ