ከተገለበጠ በኋላም ካሴቱ አይጣል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ አሮጌ ካሴቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ጸሐፊው ካሴቶቻችንን ወደ ኮምፒውተር እንድንገለብጥ መምከራቸው ተገቢ ነው፤ እኔም ስድስት ወር ሙሉ ማታ ማታ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ድምፁን በፕሮግራም አጽድታችሁ ካሴቱን ጣሉት ማለታቸው ግን አልተዋጠልኝም። ምክራቸውን ገና ሳልሰማ ግማሹን ፈጽሜው ስለ ነበር ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ለትምህርት ርቄ በሄድኩበት ጊዜ በደብዳቤ ፋንታ ካሴት ትልክልኝ ነበር። መቅጃውን ከስፌት መኪናው አጠገብ ታስቀምጥና ሥራዋን ሳታቋርጥ ታወራኛለች። በእጄ የቀሩት አሥራ አንድ ካሴቶች ናቸው፤ ዘጠኙ ባለ 90 ደቂቃ፣ ሁለቱ ባለ 120። የባለ 120ዎቹ ክር እጅግ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይለጠጣል፣ ማጫወቻ ውስጥም ቶሎ ይጠላለፋል። ስለዚህ እጄ እስኪፍታታ ድረስ ወደ ጎን አደረግኳቸው።

ሥራው አቋራጭ የለውም። የ45 ደቂቃ ገጽ ለመገልበጥ 45 ደቂቃ መቀመጥ ነው። በመጀመሪያ ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን የማጫወቻውን ራስና ክሩን የሚስበውን ጎማ በአልኮል በነከርኩት ጥጥ ጠረግኩ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ያ ቡናማ ነገር ከክሩ ላይ የተራገፈ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ድምፁ የተያዘው በእርሱ ላይ ስለሆነ ሳየው ደነገጥኩ። በእያንዳንዱ ካሴት ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰበርኩ፤ በስህተት የመቅጃውን ቁልፍ ብጫን እንኳ የእናቴ ድምፅ እንዳይጠፋ። ከዚያም ለዓመታት ተጣብቆ የኖረው ክር እንዲላቀቅ እስከ ጫፍ ወደፊት፣ መልሼም ወደኋላ አጠነጠንኩት። ገመዱን ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ላይን ኢን ወደሚባለው፣ ከሌላ መሣሪያ ድምፅ ወደሚቀበለው የኮምፒውተሩ ቀዳዳ ሰካሁ። የማይክሮፎኑ ቀዳዳ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ከማጫወቻ የሚመጣውን ያዛባዋል። የድምፁን መጠንም ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ፤ መለኪያው ጣራውን ከነካ የተሰነጠቀውን ድምፅ ኋላ የሚጠግነው የለም።

አራተኛው ካሴት ግን ታፈነብኝ። እናቴ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምታወራ ይመስል ነበር። ክሩ አርጅቷል ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ከማጫወቻው ራስ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን አስታወስኩ። የእናቴ መቅጃ ራስ በጥቂቱ ያዘመመ ኖሮ ድምፁን የጻፈው በዚያው ዝንባሌ ነው፤ የእኔ ማጫወቻ ራስ በተመሳሳይ መጠን ካላዘመመ ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። ካሴቱ እየተጫወተ ብሎኗን በትንሹ አዞርኳት። ሩብ ዙር እንኳ አልሞላም፤ «ሰ» እና «ሽ» ጥርት ብለው ወጡ፤ የመቀሱ ድምፅ ሳይቀር ተሰማ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ካሴቶች እንደገና መገልበጥ እንዳለብኝ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ካሴቶቹ ባይኖሩ ኖሮ በየትኛው እገለብጥ ነበር?

ማጽዳቱ ደግሞ የባሰ ሆነ። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጫጫታው ብቻ የሚሰማበትን አጭር ቦታ ምረጥ ይላል፤ የጫጫታውን ጠባይ ከዚያ ተምሮ ከመላው ቅጂ ላይ ይቀንሰዋል። እኔ የመረጥኩት በሰባተኛው ካሴት ላይ እናቴ ዝም ያለችበትን ቦታ ነበር። እርሷ ዝም ብትልም የስፌት መኪናው እየሠራ ነበርና ፕሮግራሙ መኪናውን ከእነ ካሴቱ «ሽ» ባይ ጫጫታ ጠራርጎ አወጣው። ከእርሱ ጋር የቃላቷ ጫፍ ተቆረጠ፤ ድምፅዋም ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ጀመር።

የጠፋው የድምፅ ጥራት ብቻ አይደለም። እናቴ ስትቆጣ መኪናው ይፈጥናል። ከባድ ነገር ልትነግረኝ ስትል መርገጫውን ትለቃለች፤ መንኮራኩሩ ቀስ እያለ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ነው «ልጄ» የምትለው። በጸዳው ቅጂ ላይ ያ ሁሉ ባዶ ዝምታ ሆኗል። እኔም የጸዳውን በዋናው ፋይል ላይ አስቀምጬበት ስለ ነበር ዋናው ጠፍቷል።

ሰባተኛውን ካሴት በካርቶን ውስጥ ሆኖ በሩ አጠገብ ሊጣል ሲጠብቅ አገኘሁት። ክሩን ከማጫወቻው ራስ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ የሱፍ ቁራጭ ከመዳብ ቀለሙ ስፕሪንግ ላይ ወድቆ ስለ ነበር አልጫወት አለ። አምስቱን ብሎን ፈትቼ ሁለቱን ጥቅልሎች ወደ ሌላ ባዶ ካሴት አዛወርኩ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ሠራ። አሁን መኪናው በቦታው አለ።

ስለዚህ ጸሐፊው ይህን ቢያርሙልኝ እወዳለሁ። መጀመሪያ የተቀዳው ፋይል ሳይነካ በዌቭ፣ ማለትም ከድምፁ ምንም በማይጥለው የፋይል ዓይነት፣ ይቀመጥ፤ ማጽዳት የፈለገ በግልባጩ ላይ ያጽዳ። ቦታ ይፈጃል የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም፤ የ45 ደቂቃ ገጽ ወደ 475 ሜጋባይት ነው፤ አሥራ አንዱም ካሴት ቢደመር ወደ 11 ጊጋባይት፣ በአንድ ፍላሽ የሚያዝ። ተጨምቆ የሚያንሰው ኤምፒ3 ፋይል ለእህቴ ለመላክ ይበቃል፤ ነገር ግን ከድምፁ የጣለውን አይመልስም። ፋይሉ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይኑር። ካሴቱም ተመልሶ ወደ ልባሱ ይግባ፤ ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ማግኔት ካለው ድምፅ ማጉያ ርቆ ቆሞ ይቀመጥ።

ሁለቱ ባለ 120 ካሴቶች አሁንም አልተገለበጡም። በአንደኛው ልባስ ላይ እናቴ በእርሳስ «ቀስ ብለህ ስማ» ብላ ጽፋበታለች።

ከአንድ አንባቢያችሁ