የፕሮፌሰር ዊሊያም ክሮስ ትምህርት በከፊል እንዳይቀር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሰሜን ሸዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ስለ ጥቁር ሕዝብ ማንነት በሚሰጠው የሥነ ልቦና ትምህርት የአሜሪካዊው ሊቅ የፕሮፌሰር ዊሊያም ክሮስ ሥራ በከፊል ብቻ መነገሩ ስላሳሰበኝ ይህን ጽፌያለሁ።

ክሮስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ የጥቁር አሜሪካዊ ማንነት በየደረጃው እንዴት እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ሰውየው መጀመሪያ ለጥቁርነቱ ቦታ አይሰጥም፤ ከዚያ በ1968 እንደተፈጸመው የማርቲን ሉተር ኪንግ ግድያ ያለ ነገር ያናውጠዋል፤ ቀጥሎ ጥቁር የሆነውን ሁሉ የሚያወድስበት፣ ነጭ የሆነውን ሁሉ የሚያወግዝበት የጋለ ወቅት ይመጣል፤ በመጨረሻም ስሜቱ ይረጋና ሌላውን ሳይጠላ በማንነቱ ጸንቶ ለወገኑ ይሠራል።

በክፍል የሚነገረው እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ትልቁ ውለታቸው በ1991 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው እላለሁ፤ በዚያ የራሳቸውን ንድፈ ሐሳብ መልሰው መርምረዋልና። ቀድሞ ይህ ጉዞ ራስን ከመጥላት እንደሚጀምር ይታሰብ ነበር። ለዚህም በዋናነት የሚጠቀሰው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ባልና ሚስት ኬኔዝና ማሚ ክላርክ በቀለም ብቻ የሚለያዩ አሻንጉሊቶችን ለጥቁር ሕፃናት አቅርበው «ጥሩውን ስጠኝ» ሲሏቸው ብዙዎቹ ነጩን ማንሳታቸው ነው። ጥናቱ በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን ሲሽር የተጠቀሰ፣ ባለውለታ ሥራ ነው። ክሮስ እንዲህ ያሉ ጥናቶችን አንድ በአንድ ሲፈትሹ ግን ሰው ለገዛ ራሱ ያለው ግምትና ለወገኑ ያለው አመለካከት ተደባልቀው መቆየታቸውን አሳዩ። ዘሩን የኑሮው ማዕከል ያላደረገ ጥቁር ሰው የግድ ራሱን የሚጠላ ሰው አይደለም፤ በእምነቱ ወይም በሙያው ጤናማ ሕይወት ሊመራ ይችላል።

ክሮስ የጻፉት ስለ አሜሪካ ጥቁሮች እንጂ ከእኛ አገር ስለሚሄዱ ስደተኞች አይደለም፤ ሆኖም ነገሩ ይነካናል። የእኅቴ ልጅ አሜሪካ በገባ ሰሞን አንድ ሱቅ ውስጥ ጥበቃው ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየተከተለው እንደነበረ በስልክ ሲነግረን፣ እናቱ ደንግጣ «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችው። እሱም ዝም አለ። ይህ ልጅ አንኮበር ሲያድግ ስለ ቆዳው ቀለም የሚጠይቀው አልነበረም፤ የሄደውም ራሱን አክብሮ ነው። የ1971ዱ ሐሳብ ብቻ ከተያዘ፣ ቀድሞ ስለ ጥቁርነቱ አለማሰቡ እንደ በሽታ ሊቆጠርበት ነው። የ1991ዱ ግን ይዞት የሄደውን ክብር አይነካበትም፤ የደረሰበት ነገር ለምን እንዳናወጠውም ያስረዳዋል።

ስለዚህ የሥነ ልቦና መምህራን ሁለቱን ሥራዎች አጣምረው እንዲያስተምሩ፣ ጋዜጣዎም በጉዳዩ ላይ ምሁራን በአማርኛ የሚጽፉበት ዓምድ እንዲከፍት በትሕትና እጠይቃለሁ። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ያሉባቸው ወላጆችም ሊያነቡት ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ከደብረ ብርሃን