እኔስ ካርድ የማወጣው የት ነው?

ይድረስ ለሚመለከተው የጤና ኃላፊ፣

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ መዝገብ ቤታችሁ ገቢ ሆነው ማኅተም ተመትቶባቸዋል፦ አንዱ በጥቅምት፣ አንዱ በታኅሣሥ፣ አንዱ በመጋቢት። «እየታየ ነው» ከመባል በቀር ያገኘሁት መልስ የለም። ስለዚህ ይህኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ጻፍኩት።

47 ዓመቴ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የዛሬ አምስት ዓመት ልጄ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና የመቅበጥበጥ ችግር) እንዳለበት ተነገረን። ሐኪሟ መጠይቁን ስታነብልኝ የምመልሰው ስለ እሱ ይሁን ስለ ራሴ ግራ ገባኝ። ዕቃ ይጥላል? የጀመረውን ይተዋል? ሲያናግሩት ሐሳቡ ይሄዳል? እናቴ «ዝንጉ» ትለኝ ነበር። እንደ ልጄ አልቀበጠበጥም፤ በመስኮት እያየሁ በሐሳብ የምጠፋ ልጅ ነበርኩ። ዝም ያለችን ሴት ልጅ ማንም ሐኪም ጋ አይወስድም።

በደብተር፣ በስልክ ማንቂያ፣ የቀኑን ሥራ ሌሊት እየደገምኩ ኖርኩ። 45 ካለፈኝ ወዲህ ግን ያ ዘዴ ሁሉ ከዳኝ። የወር አበባዬ ተዛባ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ እንቅልፍ የለም። የማውቀው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ይጠፋል። ምጣዱን ለኩሼ፣ ሊጥ ላመጣ ብዬ ወጥቼ ረሳሁት፤ ጭሱን አይታ የደረሰችልኝ ጎረቤቴ ናት። ባለፈው ሰኔ በጀት ሲዘጋ የአንድ ወር ሰነድ ሳላወራርድ ቀረሁ። በ22 ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

እርስዎ የጤና ሰው ነዎት፣ ያውቁታል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን፣ ለትኩረት የሚያስፈልገውን ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ሥራ ያግዛል። በማረጥ ዋዜማ ኤስትሮጅን ከፍ ዝቅ ሲል፣ በኋላም ሲቀንስ፣ ድሮም በትኩረት የሚቸገር አንጎል ሊብስበት ይችላል።

ለማኅፀን ሐኪም ነገርኩት። «ይህ የአእምሮ ሐኪም ጉዳይ ነው» አለኝ። የአእምሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። «የማረጥ ነው፣ ዕድሜ ነው» ብሎ መለሰኝ። ተስፋ ሳልቆርጥ ልጄ የሚታይበት ክፍል ሄጄ ካርድ ጠየቅኩ። ካርድ የምታወጣው ሴት «የልጁ ስም?» አለች። የራሴ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እዚህ ከ18 በታች ነው። አንቺ በዚህ ዕድሜሽ የልጆች በሽታ ከየት አመጣሽ?» ብላ ሳቀች። ድምጿ ከፍ ያለ ነበር። ወረፋ የያዙት እናቶች ዞረው አዩኝ፤ አንዷ አንገቷን ደፋች። ልጄ አጠገቤ ነበር። እጄን ያዘኝና «እማዬ፣ እንሂድ» አለኝ። ታክሲ እስክንይዝ ድረስ አንድ ቃል አልተናገርኩም። እሱም አልተናገረም።

በዚያች ሴት ብቻ አልፈርድም። እንደዚያ ብላ እንድትመልሰኝ ያደረጋት አሠራሩ ነው፤ የአሠራሩ ኃላፊ ደግሞ እርስዎ ነዎት። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የኤዲኤችዲ ምልክት ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ይጀምራል ይላል እንጂ 18 ሲሞላ ያበቃል አይልም። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳት ያለበትንም ሠራተኛ ይጨምራል፤ አሠሪው ሥራውን እንዲያመቻችለት ያስገድዳል። ታዲያ መርምሮ ወረቀት የሚሰጠኝ ሐኪም ከሌለ መሥሪያ ቤቴን ምን ይዤ ልጠይቅ?

ሕንፃ ሥሩልኝ አላልኩም። አዋቂም ለኤዲኤችዲ የሚመረመርበት አንድ ክፍል ይታወቅ። የማኅፀን ሐኪሙና የአእምሮ ሐኪሙ እኔን ወዲያና ወዲህ ከሚልኩኝ እርስ በርስ ይነጋገሩ። በሦስቱም ደብዳቤዎች የጻፍኩት ይህንኑ ነው።

ልጄ አሁን 16 ዓመቱ ነው። መድኃኒቱንም ክትትሉንም የሚያገኘው ከዚያው ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት «እማዬ፣ 18 ሲሞላኝ እኔንም እንዳንቺ ይመልሱኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። የምለው አጣሁ። ለሦስቱ ደብዳቤዎቼ መልስ ባይሰጡኝ እንኳ ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ ይመልሱልኝ። ወስጄ አነብለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት